የእንቁራሪቶቹ እንቁላል እንዳይደርቅ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም አትገፋፉ፣ ለሁላችሁም ይደርሳል። የምነግራችሁ አንድ መንደር ሙሉ ሰው ቀኑን ሙሉ ስላሯሯጠ ነገር ነው። ነገሩ ግን ከኑግ ፍሬ አይበልጥም።

ወሎ ውስጥ ጨፌ በር የምትባል መንደር አለች። እዚያ ጦይባ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የበልግ ዝናብ ሲጥል ሌሎቹ ልጆች በጭቃ ይንሸራተታሉ፣ ጎርፍ ይገድባሉ። ጦይባን የሚያጓጓት ግን ሌላ ነው፤ እንቁራሪት። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ የመንደሩን ሦስት ኩሬዎች አንድ በአንድ ትዞራለች። ዳር ላይ ተንበርክካ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ሣሩን በጣቷ ገለጥ ገለጥ እያደረገች ታያለች።

"አንቺ ልጅ፣ ቁርስሽን ሳትቀምሺ የት ነው?" ትላታለች እናቷ ዘምዘም።

"ኩሬ።"

"ኩሬ ውስጥ ምን አለ?"

"እሱን ላይ ነዋ!"

ካቻምና እንቁላሉን መጀመሪያ ከብት ረገጠባት፤ እንቁራሪቶቹ እንደገና ሲጥሉ ደግሞ ጎርፍ ወሰደባት። አምና ኩፍኝ አስተኛትና ተነሥታ ብትሄድ ሁሉም ተፈልፍሎ፣ እግር አውጥቶ፣ ወጥቶ ሄዷል። ስለዚህ ዘንድሮ በልቧ የያዘችው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ የእንቁራሪት ልጅ ከእንቁላሉ ሲወጣ በዓይኗ ማየት። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ዘንድሮ ዝናቡ መጣ። እንቁራሪቶቹ አምስት ሌሊት ሙሉ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተቀበለ ጮኹ። ጦይባም በየጠዋቱ ዞረች። የመጀመሪያው ኩሬ ልብስ ሲታጠብበት ሰንብቶ አረፋ ብቻ ነው፤ ምንም የለም። ሁለተኛውን ከብት አቡክቶታል፤ ምንም የለም። ሦስተኛው ከመስኖው ቦይ በታች ያለው ነው፤ ከአንድ ጎጆ ወለል አይሰፋም። ማክሰኞ ጠዋት እዚያ ሣሩን ገለጥ ስታደርግ አንድ ነገር አብለጨለጨ።

በውሃ የተዘፈዘፈ ተልባ ይመስላል፤ ያሙለጨልጫል። በውስጡ ደግሞ ጥቋቁር ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ልትቆጥር ጀምራ ስልሳ ላይ ተምታታባትና ተወችው።

ረቡዕ ሄደች፤ ነጥቦቹ ወፈር ብለዋል። ሐሙስ ሄደች፤ ረዘም ብለዋል። ዓርብ ሄደች፤ እያንዳንዱ ክር የምታህል ጭራ አብቅሏል። ግን ከማክሰኞ ጀምሮ አንዲት ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ፀሐዩም ያለ ርኅራኄ ወርዶበት ኩሬው በየቀኑ አንድ አንድ ስንዝር ሸሸ። ቅዳሜ ጠዋት ስትደርስ ግማሹ እንቁላል ጭቃ ላይ ቀርቶ ዳር ዳሩ እንደ ሙጫ መድረቅ ጀምሯል።

ጦይባ ከምንጭ ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክማ አፈሰሰች፤ የተሰነጠቀው መሬት ግጥም አድርጎ ጠጣው። እንቁላሉን በእፍኟ ልታነሳው ሞከረች፤ በጣቶቿ መሃል እየተሙለጨለጨ ወረደ። ቀና ብትል ደግሞ፣ ከራሷ በላይ አሥር እርምጃ እንኳ በማይሞላ ቦታ፣ የቦዩ ውሃ እየተንቆረቆረ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ይሄዳል። በመሃል ያለው አንድ ጠንካራ የአፈር ክትር ብቻ ነው። ከላይ ውሃው እየሄደ፣ ከታች እንቁላሉ እየደረቀ!

ክትሩን የሚቆርጡት የውሃ አባቱ አባ ሙሄ ብቻ ናቸው። ዛሬ ውሃው ለእገሌ፣ ነገ ለእገሊት እያሉ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። ጦይባ እየሮጠች ሄደች። አባ ሙሄ ግድግዳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"አባ ሙሄ፣ ውሃ ይልቀቁልኝ! ኩሬው ሊደርቅ ነው፤ የእንቁራሪቶቹ እንቁላል ሊያልቅ ነው!"

"ለማን?" አሉ አባ ሙሄ።

"ለእንቁራሪቶቹ።"

አባ ሙሄ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "እኔ ሃያ ዓመት ውሃ ሳከፋፍል እንቁራሪት ተራ ይድረሰኝ ስትል አልሰማሁም!" የልጅቷን ዓይን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡት። "ሽንኩርቱስ ጠግቧል፤ እስኪመሽ ብለቅልሽ ግድ የለኝም። ግን ይኸውልሽ።" ከአጠገባቸው ያለውን ዶማ አነሡ። ብረቱ ብቻ ነው፤ እጀታው ትናንት ድንጋይ ላይ ተሰብሯል።

"የሰው ዶማስ?"

"የዘር ጊዜ ነው፤ ዛሬ ዶማውን ቤቱ ያስቀመጠ ሰው የት ይገኛል? ሂጂ፣ ጋሽ ወንዳፍራሽን እጀታ ይጥረቡልን በያቸው። ብረቱንም ይዘሽ ሂጂ።"

ጦይባም የዶማውን ብረት ታቅፋ፣ እንዳትረሳው በአፏ እያለችው ወጣች፤ እጀታው ሳይጠረብ ዶማው አይቆፍርም፤ ዶማው ሳይቆፍር ውሃው አይመጣም፤ ውሃው ሳይመጣ የእንቁራሪቶቹ እንቁላል ይደርቃል።

አናጢው ጋሽ ወንዳፍራሽ በራፋቸው ላይ የወይራ ግንድ ላይ ተቀምጠው መጥረቢያቸውን እያገላበጡ ያያሉ። ፊታቸው የታመመ ሰው የሚያዩ ይመስላል።

"ጋሼ፣ ለአባ ሙሄ ዶማ እጀታ ይጥረቡልኝ! እጀታው ሳይጠረብ ዶማው አይቆፍርም፤ ዶማው ሳይቆፍር ውሃው አይመጣም፤ ውሃው ሳይመጣ የእንቁራሪቶቹ እንቁላል ይደርቃል!"

"ትንፋሽ ውሰጂ፣ የኔ እናት። እንጨቱ ሞልቷል፣ የተቀመጥኩበት እንጨት ነው። ይኼን እይልኝ እንጂ።" የመጥረቢያውን አፍ አሳዩአት። እንደ አሮጊት ጥርስ ሸረፍረፍ ብሏል። "ማን እንደመታው የማላውቀው ሚስማር ግንዱ ውስጥ ተደብቆ ጠበቀኝ። አሁን በዚህ እንኳን ወይራ፣ ጎመንም አልቆርጥበትም። ቀጥቃጩ መከተ በእሳት አግሎ ካልቀጠቀጠው ዋጋ የለውም።"

"ልውሰደው?"

"ውሰጂው፤ ብረቱን እዚህ ተይው። አፉን ወደ ውጭ አድርገሽ ያዢ ታዲያ። ደንዝዞም ቢሆን መጥረቢያ መጥረቢያ ነው።"

ጦይባ መጥረቢያውን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ቁልቁል ወረደች፤ መጥረቢያው ሳይቀጠቀጥ እጀታው አይጠረብም፤ እጀታው ሳይጠረብ ዶማው አይቆፍርም፤ ዶማው ሳይቆፍር ውሃው አይመጣም፤ ውሃው ሳይመጣ የእንቁራሪቶቹ እንቁላል ይደርቃል።

ቀጥቃጩ መከተ ወጣት ነው፤ ወሬ ይወዳል። ሌላ ቀን መዶሻው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ዛሬ ግን ምድጃው ቀዝቅዟል፤ እሱም እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

"ጋሼ መከተ፣ ይህንን መጥረቢያ ቀጥቅጥልኝ!" ብላ ከመጥረቢያው ጀምራ እስከ እንቁላሉ ድረስ ዘረዘረችለት።

መከተ ተነሣና ወናፉን ረገጠው። የደህና ወናፍ ድምፅ "ሁፍ!" ነው። የመከተ ወናፍ ግን "ፊስስ..." አለ፤ አመዱ እንኳ አልተነቃነቀም።

"ሰማሽው?" አለ መከተ። "አይጥ ናት። በሌሊት መጥታ ይኼን የሚያህል ቀዳዳ! ከስንት ነገር መርጣ የኔን ወናፍ! ሥጋ የለበት፣ ቅባት የለበት፣ ምን አግኝታበት ነው እስቲ?"

"አላውቅም፣ ጋሼ። እኔ የማውቀው እንቁራሪት ነው።"

"እንግዲያው አያ ሽበሺ ዘንድ ሂጂ፤ ኮርቻ ሰፊው። እዚህ ላይ ቆዳ ይጣፍልኝ በያቸው። እኔ እስከዚያ ከሰሉን አዘጋጃለሁ።" ወናፉን ጠቅልሎ አሸከማት፤ መጥረቢያውን እሱ ዘንድ አስቀረ።

ፀሐዩ ወጣ ወጣ ብሏል። ጦይባ ወደ ኩሬው አቅጣጫ አየችና እርምጃዋን ጨመረች። ወናፉ ሳይሰፋ እሳቱ አይነድም፤ እሳቱ ሳይነድ መጥረቢያው አይቀጠቀጥም፤ መጥረቢያው ሳይቀጠቀጥ እጀታው አይጠረብም፤ እጀታው ሳይጠረብ ዶማው አይቆፍርም፤ ዶማው ሳይቆፍር ውሃው አይመጣም፤ ውሃው ሳይመጣ የእንቁራሪቶቹ እንቁላል ይደርቃል።

ኮርቻ ሰፊው አያ ሽበሺ አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ ሌላኛው ደግሞ የፈለገውን ብቻ ነው የሚሰማው። ጦይባ የቱ የቱ እንደሆነ ስለማታውቅ በመሃል ፊት ለፊት ቆማ ጮኸች።

"አያ ሽበሺ፣ ወናፉን ይስፉልኝ! እንቁላሉ ሊደርቅብኝ ነው!"

"እንቁላል? ዶሮ የለኝም፣ ልጄ። ቀበሮ ጨርሶብኛል።"

"የዶሮ አይደለም፣ የእንቁራሪት!"

"የእንቁራሪት እንቁላል ትበላላችሁ እንዴ?" አሉ አያ ሽበሺ ደንግጠው።

ጦይባ እንደገና ጀመረች፤ ወናፉ ሳይሰፋ እሳቱ አይነድም ከሚለው ተነሥታ፣ በእግሯ እየረገጠች፣ በእጇ እየቀጠቀጠች፣ እየጠረበች፣ እየቆፈረች አሳየቻቸው። አያ ሽበሺ ድራማ እንደሚያይ ሰው አፋቸውን ከፍተው አዩ፤ ሲያልቅም "በጣም ጥሩ" አሉ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ አንድ ቁራጭ ቆዳ አውርደው በጣታቸው መቱት። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፤ ጣውላ ነው።

"ያለኝ ይኼ ነው። እንደዚህ ደርቆ ወስፌ አይወጋውም፤ ትናንት አንዱን ወስፌ ሰብሮብኛል። ቅቤ ተቀብቶ ሲታሽ ብቻ ነው የሚለዝበው። ድቡልቡል ቅቤ ብታመጪልኝ አንድ አፍታ ነው የምሰፋው። እትዬ ፋጤ ዘንድ አይጠፋም።"

ቆዳው ሳይለዝብ ወናፉ አይሰፋም፤ ወናፉ ሳይሰፋ እሳቱ አይነድም፤ እሳቱ ሳይነድ መጥረቢያው አይቀጠቀጥም፤ መጥረቢያው ሳይቀጠቀጥ እጀታው አይጠረብም፤ እጀታው ሳይጠረብ ዶማው አይቆፍርም፤ ዶማው ሳይቆፍር ውሃው አይመጣም፤ ውሃው ሳይመጣ የእንቁራሪቶቹ እንቁላል ይደርቃል።

እትዬ ፋጤ በረት ውስጥ ላማቸው ዳማ ሥር ቁጢጥ ብለዋል። ማለቢያው በጉልበታቸው መሃል ነው፤ ባዶ ነው። ላሚቱን ይለምናሉ፣ ይቆጣሉ፣ ያባብላሉ። ዳማ ወዲያ ወደ በሩ እያየች ታመሰኳለች።

ጦይባ እያለከለከች ደረሰች። "እትዬ፣ ትንሽ ቅቤ ይስጡኝ! ቅቤው ሳይነድ... አይ፣ እሳቱ ሳይለዝብ መጥረቢያው አይሰፋም... ዶማው ሳይታለብ..."

"ዶማው ሳይታለብ!" እትዬ ፋጤ ሳቃቸው አምልጧቸው ማለቢያውን ሊጥሉት ነበር። "ቁጭ በይ። ውሃ ጠጪ። ከመጨረሻው ጀምሪልኝና ወደ ኋላ ሂጂ። የሚደርቀው ምንድን ነው?"

"የእንቁራሪቶቹ እንቁላል።"

"ለምን ይደርቃል?"

"ውሃው ሳይመጣ ቀርቶ።"

እንዲህ እየጠየቁ፣ እንዲህ እየመለሰች፣ ከዶማው ወደ እጀታው፣ ከእጀታው ወደ መጥረቢያው፣ ከመጥረቢያው ወደ እሳቱ፣ ከእሳቱ ወደ ወናፉ፣ ከወናፉ ወደ ቆዳው ወጡና በመጨረሻ ቅቤው ላይ ደረሱ። እዚያ ሲደርሱ እትዬ ፋጤ ሳቃቸው ጠፋ።

"ቅቤስ አንዲት ድቡልቡል አለችኝ። ግን እሷን ሰጥቼሽ ዳማም እንዲህ እምቢ እንዳለች ብትቀር በምን ልቀመጥ? ጥጃዋ ቦራ ገመዱን በጥሶ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ጥጃዋን አጠገቧ ካላየች ደግሞ ወተቷን ትቋጥራለች። ቦራን አምጪልኝ፤ ዳማ ትታለብ፤ ቅቤው ያንቺ ነው። የት እንዳለ ነግረውኛል፤ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ተኝቷል አሉ። ጨው ካላየ ግን አይነሣም። እኔ ዘንድ ያለውም ጨው አልቋል።"

ጦይባ ሜዳው ደረሰች። ቦራ ኳስ መጫወቻው ላይ በሁለቱ የግብ እንጨቶች መሃል ተዘርግቶ ተኝቷል፤ በረኛ ሆኗል ማለት ነው። ከጆሮው ጎተተችው፤ ጆሮውን አራገፈ። ከኋላ ገፋችው፤ ይባስ ብሎ ተመቻቸ። ዘፈነችለት፤ ዓይኑን ከደነ። በመጨረሻ አጠገቡ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው።

"ስማኝ፣ ቦራ። አንተ ሳትመጣ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ሳትታለብ ቅቤው አይሰጥም፤ ቅቤው ሳይሰጥ ቆዳው አይለዝብም፤ ቆዳው ሳይለዝብ ወናፉ አይሰፋም፤ ወናፉ ሳይሰፋ እሳቱ አይነድም፤ እሳቱ ሳይነድ መጥረቢያው አይቀጠቀጥም፤ መጥረቢያው ሳይቀጠቀጥ እጀታው አይጠረብም፤ እጀታው ሳይጠረብ ዶማው አይቆፍርም፤ ዶማው ሳይቆፍር ውሃው አይመጣም፤ ውሃው ሳይመጣ የእንቁራሪቶቹ እንቁላል ይደርቃል። ገባህ?"

ቦራ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አልተነሣም።

ፀሐዩ አናት ላይ ደርሷል። ጦይባ ላልቅስ ወይስ ልሩጥ አለችና መሮጡን መረጠች።

በዚያ ሰዓት ክፍት የነበረችው ሱቅ የጋሽ በሪሁን ናት። ጋሽ በሪሁን ደግ ሰው ናቸው፤ እፍኝ ጨው ለጎረቤት ነፍገው አያውቁም። ጦይባ "ጋሼ፣ ትንሽ ጨው" ስትል እጃቸውን ወዲያው ከረጢቱ ውስጥ ሰደዱ።

"ለእናትሽ ነው?"

"አይ፣ ለቦራ። ጨው ሳያይ ጥጃው አይመጣም፤ ጥጃው ሳይመጣ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ሳትታለብ ቅቤው አይሰጥም፤ ቅቤው ሳይሰጥ ቆዳው አይለዝብም፤ ቆዳው ሳይለዝብ ወናፉ አይሰፋም፤ ወናፉ ሳይሰፋ እሳቱ አይነድም፤ እሳቱ ሳይነድ መጥረቢያው አይቀጠቀጥም፤ መጥረቢያው ሳይቀጠቀጥ እጀታው አይጠረብም፤ እጀታው ሳይጠረብ ዶማው አይቆፍርም፤ ዶማው ሳይቆፍር ውሃው አይመጣም፤ ውሃው ሳይመጣ የእንቁራሪቶቹ..."

የጋሽ በሪሁን እጅ ከረጢቱ ውስጥ ቆመ።

"የምን?"

"የእንቁራሪቶቹ እንቁላል ይደርቃል።"

ጋሽ በሪሁን እጃቸውን ባዶውን አወጡና አራገፉት።

"ይድረቅ!" አሉ። "ይድረቅ እንጂ! ቤቴ ከኩሬው በላይ ያለው እኮ እኔ ነኝ! አምስት ሌሊት፣ ጦይባ፣ አምስት ሌሊት ዓይኔ አልተከደነም። አንዱ ቋ ይላል፣ አንዱ ቂር ይላል፣ አንዱ ደግሞ ሁሉም ዝም ሲሉ ጠብቆ ብቻውን ይጀምራል። ዘይት ለጠየቀኝ ሰው ሳሙና ሸጥኩ! ልጆቻቸው ደግሞ ተፈልፍለው ይጨመሩልኝ? አልሰጥም። ዝም እንደሚሉ ቃል ከገባሽልኝ እሰጥሻለሁ።"

ጦይባ አፏን ከፈተች። 'እሺ፣ ዝም ይላሉ' ብትል ጨው በእጇ ነው። ግን እንቁራሪትን ማን ዝም ያሰኛል? እሷ ደግሞ ስለ እንቁራሪት ዋሽታ አታውቅም።

"ቃል መግባትስ አልችልም" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። "ጋሼ፣ ያልተኙት እስከ መቼ ነው?"

"እስከ... እስከ ሰኞ ሌሊት።"

"ማክሰኞስ?"

ጋሽ በሪሁን አሰቡ። "ማክሰኞ... ተኝቻለሁ መሰለኝ።"

"ረቡዕስ?"

"ረቡዕማ ሚስቴ ናት ቀስቅሳ ያስነሣችኝ።"

"ሐሙስስ? ትናንትናስ?"

ጋሽ በሪሁን የተኙ መሆናቸውን ገና አሁን ነው ያወቁት።

"እንቁላሉን ማክሰኞ ነው ያገኘሁት" አለች ጦይባ። "እስኪጥሉ ነው የሚጮኹት፣ ጋሼ። ከጣሉ በኋላ ዝም ይላሉ፤ በየበልጉ እያየሁ ነው። ካቻምና ግን እንቁላሉን ከብት ረገጠው። ያኔ ዝናብ ሲመጣ ምን እንዳደረጉ ትዝ ይልዎታል?"

ጋሽ በሪሁን ትዝ አላቸው። ፊታቸው ተለወጠ። "እንደገና ጀመሩ" አሉ በሹክሹክታ።

"ከመጀመሪያው። አሁንም ይህ ከደረቀ..."

"በቃ! አትጨርሺው!" ጋሽ በሪሁን ሁለት እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ነክረው ጨው በወረቀት ጠቀለሉላት። "ሩጪ! ምን ትጠብቂያለሽ? ሩጪ እንጂ!" ራሳቸውም ሱቁን ዘግተው ከኋላዋ ተከተሉ።

አሁን እዩልኝ። ጦይባ መዳፏ ላይ ጨው አድርጋ ለቦራ ዘረጋችለት። ቦራ አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ አሸተተ፤ ላሰ፤ ብድግ አለ። እሷ ወደ ኋላዋ ስትሮጥ እሱ መዳፏን እየላሰ በረት ደረሱ። ዳማ ጥጃዋን ስታይ እምቧ ብላ ወተቷን ለቀቀችው፤ ማለቢያው አረፋ በአረፋ ሆነ። እትዬ ፋጤም ቅቤዋን በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው ሰጧት።

"ፀሐይ እንዳታቀልጥብሽ!"

ጦይባ ቅቤውን በሻሿ ጋርዳ በየጥላው ሥር እየዘለለች ሮጠች። ያም ሆኖ አያ ሽበሺ ዘንድ ስትደርስ ግማሹ በክንዷ ላይ ወርዷል፤ አያ ሽበሺ ከቅጠሉ የተረፈውንም ከክንዷ የጠረጉትንም አድርገው ቆዳውን አሹት። ቆዳው እንደ ጨርቅ ሆነ። ወስፌው ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፤ ወናፉ ተሰፋ። መከተ ረገጠው፤ "ሁፍ!" አለ። ከሰሉ ቀላ፤ መጥረቢያው ጋለ፤ መዶሻው ወረደበት፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጭስስ አለ። ጋሽ ወንዳፍራሽ አፉን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው "ይኼ ነው መጥረቢያ" አሉና ከተቀመጡበት ተነሥተው መቀመጫቸውን ፈለጡት። ፍላጩ እጀታ ሆነ፤ እጀታው ዶማው ውስጥ ገባ፤ ዶማው አባ ሙሄ ትከሻ ላይ ወጣ፤ ሁሉም ከጦይባ ኋላ ወደ ቦዩ ተከተሉ።

ጨው ሲቀርብ ጥጃው መጣ፤ ጥጃው ሲመጣ ላሚቱ ታለበች፤ ላሚቱ ስትታለብ ቅቤው ተሰጠ፤ ቅቤው ሲሰጥ ቆዳው ለዘበ፤ ቆዳው ሲለዝብ ወናፉ ተሰፋ፤ ወናፉ ሲሰፋ እሳቱ ነደደ፤ እሳቱ ሲነድ መጥረቢያው ተቀጠቀጠ፤ መጥረቢያው ሲቀጠቀጥ እጀታው ተጠረበ፤ እጀታው ሲጠረብ ዶማው ቆፈረ፤ ዶማው ሲቆፍር...

ዶማው ሲቆፍር ክትሩ ተናደና ውሃው በአንድ ጊዜ ግንፍል ብሎ ወጣ!

"ቀስ!" ብላ ጮኸች ጦይባ። "አባ ሙሄ፣ ቀስ! ጠርጎ ይወስዳቸዋል!"

እንዲህ ዞራ ዞራ ያመጣችው ውሃ ራሱ ሊያጠፋባት ነው። ጦይባ ቁልቁል ተንደርድራ ሁለት እግሯን በውሃው መንገድ ላይ ዘርግታ ቁጭ አለች። ውሃው ጀርባዋን መታት፤ ቀሚሷ ጭቃ ሆነ። አባ ሙሄ ከዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ሣር ያለበት አፈር በዶማ እየገመጡ አፉን አጠበቡት፤ መከተ ድንጋይ አቀበላቸው፤ ጋሽ በሪሁን እንኳ ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ። ውሃው ወገቡ ተያዘ። ረጋ ብሎ፣ በሣሩ ላይ ተንሸራትቶ፣ ወደ ኩሬው መግባት ጀመረ።

የተሰነጠቀው ጭቃ መጀመሪያ ጠጣ። ከዚያ ጠገበ። ከዚያ ውሃው አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ከፍ አለ፤ ጭቃ ላይ ተጣብቆ የነበረው እንቁላል ከሥሩ ተላቆ ተንሳፈፈ። ዳር ዳሩ የደረቀው አልተመለሰም፤ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ጦይባ እሱን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። መሃሉ ግን እንዳለ ነው፤ ያብለጨልጫል።

በሆዷ ተኛች። አገጯን እጇ ላይ አድርጋ ማየት ጀመረች።

ሰዎቹ ግን አልሄዱም። ሥራ አለብኝ ያለ አልነበረም። አባ ሙሄ ዶማቸውን ተደግፈው፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሳር ላይ ተቀምጠው፣ አያ ሽበሺ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ኩሬው አዙረው፣ እትዬ ፋጤ ቦራን ይዘው፣ መከተ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ወሬ፣ ሁሉም ዙሪያውን ከበው አንድ ነገር ጠበቁ። ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ዘንበል አለ።

"ሽ!" አለች ጦይባ፣ ማንም ሳይናገር።

ከነጥቦቹ አንዱ ነቅነቅ አለ። አንዴ ቆመ። እንደገና ነቅነቅ አለ። ጭራውን ወዲያ ወዲህ ሲመታ የከበበው ለስላሳ ነገር ተለጠጠ፤ ተለጠጠ፤ ከዚያ ድንገት ጎኑ ተከፈተና ጥቁሯ ነገር ሾልካ ወጣች። ትንሽ ወደ ታች ሰመጠች፤ ጭራዋን መታችና አንድ የሣር ዘንግ ላይ ተለጠፈች። ከኑግ ፍሬ አትበልጥም።

ጦይባ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እንዳያመልጣት ብላ አላበሰችውም።

ጋሽ በሪሁን በእርጥብ ጫማቸው ቁጢጥ ብለው አፍንጫቸው ውሃው ሊነካ እስኪደርስ አጎነበሱ።

"ይቺ ናት?" አሉ። "እንዲያ የምትጮኸው ይቺ ናት?"

"ገና ድምፅ የላትም፣ ጋሼ" አለች ጦይባ። "እግርም የላትም። ትንሽ ይቆያል።"

"ስንት ጊዜ?"

"እሱን መጥተን እናያለን።"

ጋሽ በሪሁን ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ አያ ሽበሺ እጃቸውን ያዙና "ዝም በል፣ ሁለተኛዋ እየወጣች ነው!" አሉ።

እውነትም እየወጣች ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ደስ ያለው ለሌላው ይንገር፤ አላምንም ያለም በበልግ ወርዶ ኩሬውን ይይ።